ለሁሉም፣ በየስማቸው

ጠዋት ጥርሴን ስፍቅ ጸሐፊዬ የላካቸውን ደብዳቤዎች ይነግረኛል። ጳጉሜን አንድ ቀን 2079 ዓ.ም. የነገረኝ ይህን ነበር፦ ለአሥራ አንድ ሰው እግዜር ያጥናችሁ፣ ለስድስት ሰው እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ለአንድ ሰው ደግሞ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ማን ከየት ወደ ቤቱ እንደተመለሰ አልጠየቅሁም። አፌ በአረፋ ተሞልቶ ነበር። ባይሞላም አልጠይቅም።

ጸሐፊ የሌለበት ቤት ዛሬ የለም። ማሽኑ ግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ የባለቤቱን አነጋገር፣ የድሮ መልእክቶቹን፣ ፎቶዎቹን ያጠናል፤ ከዚያ ባለቤቱን ሆኖ ይጽፋል። አንድ ደብዳቤ አባዝቶ ለሺህ ሰው አይልክም፤ ያ የአባቶቻችን ዘመን ስንፍና ነበር። ሺህ ደብዳቤ ጽፎ ለሺህ ሰው ይልካል፤ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ፣ የልጁን ፈተናና የጉልበቱን ሕመም ጠይቆ። የተቀባዩም ቤት ጸሐፊ ስላለ ደብዳቤውን ያ ያነበዋል፣ መልሱንም ያ ይጽፈዋል። እኛ ባለቤቶቹ ቁጥሩን እንሰማለን።

መንገድ ላይ ስንገናኝ "ደብዳቤህ ደርሶኛል" እንባባላለን። መልሱ "ያንተም ደርሶኛል" ነው። ድሮ እንደምን ዋልክ የሚባልበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ምን ብለህ ጻፍክልኝ ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው። አምና አንድ እንግዳ እድራችን ስብሰባ ላይ ይህን ጠይቆ ነበር። ሰዉ ሁሉ ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሰውየው ደንግጦ ጠጥቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አለ። አልጠጣም ነበር።

እኔ ያፌት ውብሸት እባላለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እንጀራዬን የበላሁት ለብዙ ሰው ደብዳቤ በመላክ ነው፤ መጀመሪያ ከማሽን ጋር እየታገልኩ፣ በኋላ ማሽኑን እየተቆጣጠርኩ፣ በመጨረሻ ማሽኑ አያስፈልግህም ሲለኝ በጊዜ ጡረታ እየወጣሁ። ሚስቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ልጄ ሔራን አብራኝ ትኖራለች። ሐኪም ናት፤ ከበሽተኞቿ ጋር ራሷ ታወራለች ተብሎ ሰፈር ውስጥ እንደ ጉድ ይወራላታል።

በጳጉሜን ሁሉም ሰው ይቅርታ ይጠይቃል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላስታውስም፤ ብቻ ቀበሌው አዲሱን ዓመት አስታኮ መታወቂያ የሚያድሰው ጸሐፊያችን ይቅርታችንን መላኩን ካየ በኋላ ነው። ዘወትር የምልከው ለተመረጡ ነበር፤ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለእድርተኛ። በዚያ ጠዋት ጸሐፊዬ ዘንድሮስ ከምታውቃቸው ለማን ልላክ ብሎ ሲጠይቀኝ ጥርሴን ጨርሼ ፀጉሬን ሳሙና ተቀብቻለሁ፤ ውኃ ሊሄድ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። በ2079ም ውኃ ይሄዳል። "ለሁሉም" አልኩት። በሙሉ ፈቃድ ነው ወይ አለኝ። "በሙሉ" አልኩት።

ሙሉ ፈቃድ ማለት ጸሐፊው የትም ገብቶ ይፈልጋል ማለት ነው። ድሮ የጻፍከውን፣ ሰው የጻፈልህን፣ ጽፈህ ያጠፋኸውን ሳይቀር። ማንን በምን እንደበደልክ ካንተ በላይ ያውቃል፤ አውቆም ለያንዳንዱ እንደ በደሉ ይጽፋል። እኔ ይህን የማውቀው በሙያዬ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የማስበው ስለ ሳሙናው ነበር። ዓይኔን ታጥቤ ስገልጥ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሦስት የይቅርታ ደብዳቤ ሄዷል። ውኃውም ሄዷል።

የዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። በአራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። ሔራን ከፈተች። ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ኢዮስያስ፣ ሁለተኛዋ እትዬ ሜሮን ናቸው። በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰን ሲገፋ የሚጠሩት እነሱ ናቸው፤ ማለትም ድሮ ይጠሩ ነበር። አሁን እርቁንም ጸሐፊዎቹ ስለሚጨርሱት ሁለቱም ሥራ ፈትተው የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ። ጋሽ ኢዮስያስ ነጠላውን ሲያጣፋ ደስ እንዳለው ያስታውቅበታል። በእጁ ከባድ ነገር ያለበት ፌስታል ይዟል።

ሦስተኛዋን ሴት አላወቅኋትም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው። ቀጭን፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ጥፍሮቿ ሥር አፈር የገባባቸው ሴት ናት። ፈገግ ብዬ "ደብዳቤሽ ደርሶኛል" አልኳት። እሷ ፈገግ አላለችም።

"ሶስና ነኝ" አለች። "ሶስና ጌጡ። ያንተ ደርሶኝ ነው የመጣሁት።"

ወንበር ይዤ ቆምኩ።

በ2049 ዓ.ም. ጥላ የሚባል የቤት ማኅበር ነበር። እኔና ሶስና የመልእክት ክፍሉ ሠራተኞች ነበርን፤ ክፍሉ ማለት እኛ ሁለታችን ነን። ጸሐፊ የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ሠንጠረዥ ነበር፤ ባንዱ ዓምድ ስም፣ በሚቀጥለው አድራሻ፣ በሦስተኛው ውጤት። ማሽኑ ከየመስመሩ እየወሰደ፣ ውድ እገሌ እያለ፣ ለየብቻ ይልካል። አንዱ የሌላውን አያይም፤ ሁሉም ለኔ ብቻ የተጻፈ ነው ይላል። ማኅበሩ የቤት ዕጣ ባወጣ ጊዜ ለተመዘጋቢዎቹ በሙሉ በየስማቸው እንድንልክ ታዘዝን። ደርሶዎታል፣ ወይም አልደረሰዎትም።

ሶስና ምሳ ወጥታ ነበር። የኔ ኮምፒውተር ስለቆመብኝ በሷ ገባሁ። አለቃችን ዝርዝር በፊደል ተራ ካልሆነ አይፈርምም ነበርና ስሞቹን ከሀ እስከ ፐ ደረደርኳቸው። ስሙንና አድራሻውን ብቻ። የውጤቱን ዓምድ አብሬ መምረጥ ረሳሁ። ስሞቹ ቦታ ሲለዋወጡ ውጤቱ ባለበት ቀረ። ሳላጣራ ላክሁት። ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት ሰው የሌላ ሰው ዕጣ ደረሰው።

ማኅበሩ ነገሩን እስኪያውቅ ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስት ቀን ውስጥ እልል የተባለበት ቤት ብዙ ነው። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ላቀው የሚባሉ እናት ጎረቤት ጠርተው በግ አረዱ፤ በማግሥቱ የተከራዩትን ቤት ለቀቁ፤ ዕቃቸውንና አምስት ልጆቻቸውን መኪና ላይ ጭነው የአዲሱ ቤት በር ላይ ደረሱ። ዘበኛው ስማቸውን ዝርዝሩ ላይ አጣው። የለቀቁት ቤት ሌላ ሰው ገብቶበት ነበር።

ማን ላከው ሲባል ኮምፒውተሩ የሶስና ሆነ። እኔ አልላክሁም ብላ አለቀሰች። አጠገቧ ቆሜ ነበር። በሷ ላይ አልመሰከርኩም፣ አላሳበቅሁም፤ ዝም አልኩ። ሰዉ ቢሮው ድረስ እየመጣ ሰደባት። ፎቶዋ በየስልኩ ዞረ። ዕጣ ያዛባችው ልጅ ተባለች፤ ከዚያ በኋላ መልእክት ነክ ሥራ የሚሰጣት ጠፋ። እኔ በዓመቱ የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። የት እንደገባች አልጠየቅሁም።

አሁን ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጣለች። ቢሾፍቱ ችግኝ እንደምታፈላ ለሔራን ነገረቻት። ሔራን ምንም ስለማታውቅ ስለ አቮካዶ ጠየቀቻት። እኔ ግን ደብዳቤው ምን ብሎ ይሆን እያልኩ ግድግዳውን አያለሁ።

ጋሽ ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ። በወጉ ሽማግሌ የሚልከው በዳይ እንደሆነ፣ ዛሬ ግን ተበዳይ ራሷ ሽማግሌ ይዛ እንደመጣች፣ በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ሶስና አቋረጠችው። ሽማግሌ ልልክብሽ ፈልጌ ድፍረት አጣሁ ብለህ ስለጻፍክልኝ ነው ይዤልህ የመጣሁት አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ድፍረት እንዳጣሁ ያወቅሁት ገና አሁን ነው።

ከዚያ ጋሽ ኢዮስያስ ፌስታሉን ፈታ። ድንጋይ ነው፤ ጥቁር፣ የትንሽ ድፎ ዳቦ ያህል የሚሆን። ሶስና ከችግኝ ጣቢያዋ ያመጣችው ነው። በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በደሉን ባፉ ይናገራል፤ ድንጋዩን የምታወርድለት ተበዳይዋ ናት። ወጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሲደረግ በቅርብ ያዩት ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ምናልባት ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ እኔ በልጅነቴ አንዴ ከሩቅ አይቻለሁ። ሔራን ተነሥታ "አባዬ፣ ምን አድርገህ ነው?" አለችኝ። ቆይ አልኳት።

ተንበረከክሁ። ጋሽ ኢዮስያስ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አስቀመጠው። ቀዝቃዛ ነበር። በሁለት እጄ ደገፍኩት።

በአፍህ ተናገረው አለኝ። እኔም የሚባለውን አልኩ፤ በማወቅም ባለማወቅም የበደልኩሽን ሁሉ ይቅር በይኝ። እትዬ ሜሮን ጥሩ ነው በሚል ዓይነት ከንፈሯን መጠጠች።

"ሁሉ አትበለኝ" አለች ሶስና። ድምፅዋ አልጨመረም። "የጻፍክልኝን በለው። አንብቤ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ። ካፍህ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት።"

የጻፍኩትን ነው የምለው አልኳት።

"ስለ እናቴ የጻፍከውንስ? ያኔ ታውቅ ነበር?"

ስለ እናቷ ምን እንደጻፍኩ አላውቅም። አዎ፣ አውቅ ነበር አልኩ፤ እንዲህ ሲባል አዎ ማለት ሳይሻል አይቀርም ብዬ።

"በምን አወቅህ?"

"ሰው ነግሮኝ።"

ወለሉን ስለማይ የሶስናን ፊት አላየሁም፤ ጫማዋን ብቻ ነው የማየው። ቀጥላ ስትናገር ድምፅዋ እንደ ደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

"ደብዳቤው ራስሽ ነገርሽኝ ነው የሚለው። እውነቱም እሱ ነው።"

ሔራን የጨነቀኝ መስሏት ደብዳቤውን ግድግዳው ላይ ላውጣልህ ወይ አለችኝ። ልጄ ደግ ናት። አይሆንም አልኳት። አሁንም ማምለጫ ነበረኝ፤ እርጅና ነው፣ ማስታወሴ ደከመ ማለት እችል ነበር። ሽማግሌዎቹም በደስታ ይቀበሉኝ ነበር። ሶስና ግን ከቢሾፍቱ ድረስ መጥታለች፣ ድንጋዩንም ከገዛ መሬቷ አንሥታ አምጥታለች። አፈርኩ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖሬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

"አላነበብኩትም" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲሸማቀቅ ተሰማኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት አይባልም። ቀና ስል እትዬ ሜሮን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ጋሽ ኢዮስያስ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እሱም ባለፉት ቀናት ስድስት መቶ ደብዳቤ እንደላከ በእድሩ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። የልጄን ዓይን ግን ማየት አቃተኝ። ጸሐፊው ነው የጻፈው፣ ለሁሉም ላክ ብዬው ነው፣ ገላዬን እየታጠብኩ ነበር አልኩ። ይህን መጨመር አያስፈልግም ነበር፤ ጨመርኩት።

የወረቀት ድምፅ ሰማሁ። ሶስና ደብዳቤውን አትማ ይዛ ነበር። ወረቀት የሚያትም ቤት ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። እጥፋቱ ላይ ሊበጣጠስ ደርሷል። ዝቅ ብላ ዓይኔ ሥር ወለሉ ላይ ዘረጋችው።

"እንግዲያው አሁን አንብበው" አለች። "ጮክ ብለህ።"

አነበብኩት።

"ሶስና፣ ሠንጠረዡን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አንቺ ምሳ በወጣሽበት፣ በአንቺ ኮምፒውተር። የዚያኑ ዕለት ለወንድሜ፣ ጉድ ሠርቻለሁ፣ ግን በኔ አልመጣም ብዬ ጻፍኩለት፤ ወዲያው አጠፋሁት። እናትሽ በዚያ ወር የዓይን ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው እንደነበር ራስሽ ነግረሽኛል። አንቺ ሥራ ከለቀቅሽ ሕክምናው እንደሚቀር አውቅ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ።"

እዚህ ላይ ሶስና፣ እናቷ እስኪያርፉ ድረስ እጃቸውን ይዛ ነበር ደጅ የምታወጣቸው ስትል ሰማሁ። ለማን እንደተናገረች አላውቅም። ምናልባት ለሔራን ይሆናል። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር። ለወንድሜ የጻፍኩትን እንኳ ሳነበው ቃል በቃል ትዝ አለኝ፤ ጣቴ ስታጠፋው ሳይቀር። ቀጥዬ ያለውን አነበብኩ።

"ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን..."

ቆምኩ። ጋሽ ኢዮስያስ ጨርሰው እንጂ አለኝ። አንድ ቃል ነው የቀረው።

"ይሄ ውሸት ነው" አልኩ። "ሌላው እውነት ነው፤ ይሄ ውሸት ነው። ረስቼሽ ነበር ሶስና። በሩ ላይ ቆመሽ እንኳ አላወቅሁሽም።"

ከዚህ በላይ ክፉ ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ትነሣና ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወረቀቱን አንሥታ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ይሄኛውን አንተ ነህ ያልከው" አለች። ቀጥላም፣ "እኔ ሌላ አልፈልግም። ሰዎቹ እስከ ዛሬ እኔ እንደሆንኩ ነው የሚያውቁት። እኔ እንዳልሆንኩ ንገርልኝ።"

እኔም ደስ አለኝ። የምችለው ነገር ተገኘ። "አሁኑኑ" አልኩ፣ "ለሁሉም፣ በየስማቸው እልክላቸዋለሁ።"

ያልኩት የገባኝ ከተናገርኩት በኋላ ነው። ሔራን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ላስተባብል አፌን ስከፍት ግድግዳው ቀደመኝ። ጸሐፊዬ በራሴ ድምፅ፣ ደስ በሚል ቃና፣ ለሦስት መቶ ሠላሳ ስምንቱም መላኩን፣ ያረፉት ለወራሾቻቸው መድረሱን፣ እስከ አሁን ሁለት መቶ ዘጠና አንዱ ይቅር ማለታቸውን ነገረን። ይህን ሲናገር ይቅር ባዮቹ ሁለት መቶ ዘጠና አራት ደረሱ።

ጋሽ ኢዮስያስ እፎይ አለ። እንግዲህ ተፈጸመ አይደል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል አለ። እትዬ ሜሮንም እግዜር ይመስገን አለች። ሶስና ግድግዳውን ስታየው ቆየች፤ ከዚያ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ላቀው ይቅር ካሉት ውስጥ አሉበት ወይ ብላ ጠየቀች። አሉበት አለ ጸሐፊዬ። መልሳቸውን ላንብበው ወይ አለ። አታንብበው አለችው።

"ሄደን እንጠይቃቸዋለን" አለችኝ። "እዚሁ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ እንዳሉ አጠያይቄያለሁ። ድንጋዩን እዚያ አወርድልሃለሁ፣ ካወረድኩት።"

ከሃያ ሦስተኛው ፎቅ በአሳንሰር ወረድን። ድንጋዩን ወደ ትከሻዬ አዞርኩት፤ ጋሽ ኢዮስያስ ወጉ አይከለክልም አለ። ሔራን ሐኪም ናትና ማጅራቴን እያየች ከኋላዬ መጣች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰዓቱ አምስት ሰዓት ግድም ነው፤ የበዓል ገበያ ነው፤ ሰዉ ዶሮ ተሸክሞ ይመላለሳል። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ የማውቀው ጫማ ሻጭ እንደ ልማዱ ደብዳቤህ ደርሶኛል ሊለኝ ጀምሮ ድንጋዩን ሲያይ መሐል ላይ ተወው። አንዲት እናት ልጇ እንዳይጠይቀኝ እጁን ጎተተችው። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሶስና ከጎኔ፣ እኔ ትከሻዬ እየነደደኝ መሐል ሆነን ሄድን። ሶስና በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ። ያን ጊዜ፣ በሦስተኛው ወር፣ ወይዘሮ ፍሬሕይወት ዘንድ ሄዳ እኔ አይደለሁም ልትላቸው ሞክራ ነበር። የእጣቢ ውኃ ነው የደፉባት። ልጆቻቸው ያኔ ሸራ ውስጥ ነበሩ፤ አልፈረድኩባቸውም አለች።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት ሦስተኛ ልጃቸው ቤት፣ ምድር ቤት ነው። በሩን ገፋ አድርጋችሁ ግቡ የሚል ድምፅ ሰማን። ሶስና እኔ ኮሪደሩ ላይ እሆናለሁ ብላ ቀረች፤ ሽማግሌዎቹና ሔራንም ከሷ ጋር ቆሙ። በሩን ሳልዘጋው ብቻዬን ገባሁ።

መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ድንጋዩን ሲያዩ አልደነገጡም፤ በሳቸው ዘመን የሚታወቅ ነገር ነው። ስሜን ነገርኳቸው። አዎ፣ ጸሐፊዬ ነግሮኛል አሉ፤ የምሥራች እንደሰማ ሰው ፊታቸው በራ።

"ይቅርታ ጠይቀሃል። ይቅር በዪው አለኝ፣ እሺ ይቅር ብዬዋለሁ አልኩት። ና ቁጭ በል።"

ከፊታቸው ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ፤ ድንጋዩን ግን ከትከሻዬ አላወረድኩም። የምስር አቧራ የያዘ እጃቸውን ዘርግተው ነጻውን እጄን ያዙት። እጃቸው ሞቃት ነው።

"ግን ልጄ፣ ምን አድርገህ ነው?"

ሠንጠረዥ ብዬ ጀመርኩ፤ እንዳልገባቸው አየሁ። ዓምድ አልኩ፣ ተውኩት። ሠላሳ ዓመት በላክሁት ደብዳቤ ሁሉ ውስጥ ለአንድ አሮጊት በአንድ አፍ የሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

"ያኔ ቤት ደርሶዎታል ብሎ የጻፈልዎ እኔ ነኝ" አልኩ። "አልደረሰዎትም ነበር። ተሳስቼ ነው የላክሁት። እኔ ነኝ ሳልል ቀረሁ።"

ወይዘሮ ፍሬሕይወት እጃቸውን ከእጄ ላይ አነሡ።

"በጉን ያረድንበት?" አሉ።

"አዎ።"

"ልጆቼን እኮ መኪና ላይ ነው ያሳደርኳቸው። ትንሿ ሳል ያዛት።" ምስሩን ሰፌዱ ላይ ወዲያ ወዲህ አደረጉት። "ይቅር ብዬሃለሁ ያልኩት ይሄን ነው?"

"ይሄን ነው።"

"ይሄን እንደሆነ አላወቅሁም።"

ይቅርታቸውን መልሰው ሲወስዱ ተሰማኝ፤ የሳቸው ነው፣ መውሰድ ይችላሉ። ከኮሪደሩ ምንም ድምፅ አይሰማም።

"ታዲያ ያቺ ልጅስ?" አሉ ቆይተው። "እሷ ናት ተባልን። ውኃ ደፋሁባት። በየጸሎቴ መጨረሻ እሷን ሳልረግም ተኝቼ አላውቅም። እሷ አይደለችም?"

"አይደለችም። ምንም አላደረገችም።"

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። ዓይናቸው በእንባ ተሞላ፤ ለኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

"ስሟ ማን ነበር?" አሉኝ። "ስሟ ጠፍቶኛል፤ ያቺ ልጅ እያልኩ ነው የኖርኩት።"

አጎንብሼ ነገርኳቸው።

"አልሰማሁህም" አሉ። "ጆሮዬ ደክሟል። ቀና በልና ጮክ ብለህ ንገረኝ።"

በሩ ክፍት ነው። ሶስና ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

ቀና ብዬ፣ ጮክ ብዬ ስሟን ከነአባቷ ጠራሁት።